ባለሦስት እግሯን ፍለጋ፦ ከክላርክስተን እስከ ኤይከን

አንደኛ ቀን፣ ሰኞ

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ከምትገኘው ክላርክስተን የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ፒክአፑ ከኋላው ባለሁለት ጎማ ተጎታች አስሯል፤ የጫንነውም አንድ የመፍቻ ሣጥን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ፣ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶዎችና ጋሼ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት የሻይ ፔርሙዝ ነበር። ጋሼ በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ የሞተር ብስክሌትና የትንንሽ መኪና ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ፣ ወደ ጆርጂያ ከመጡም በኋላ እኔ ዛሬ የምሠራበትን ጋራዥ አቋቁመው በስተርጅና ለእኔ ያስረከቡ ሰው ናቸው። የዚህ ጉዞ ሐሳብ የእኔ ቢሆንም፣ ያለ እርሳቸው ጆሮ የድሮ ሞተር ልገዛ መውጣት አልፈለግሁም።

የምንፈልገው በ1960ዎቹ የተሠራች ባለሦስት እግር የሃርሊ ዴቪድሰን የጎልፍ ካርት፣ ማለትም በጎልፍ ሜዳ ውስጥ ሰው የምታመላልስ ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። (በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሃርሊ ዴቪድሰን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሞተር ብስክሌት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኩባንያው ከ1963 እስከ 1982 ድረስ የጎልፍ ካርትም ሠርቷል። በ1962 በዊስኮንሲን ግዛት ቶማሃውክ በተባለች ከተማ ከሚገኝ የጀልባ ፋብሪካ ላይ ከፍተኛውን ድርሻ የገዛውም ለካርቶቹና ለሌሎች ተሽከርካሪዎቹ የሚሆን የፋይበርግላስ አካል ለማሠራት ነበር። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ታዲያ ጀልባ የሠራው እጅ የሠራው አካል ውኃ አያበላሸውም፤ እኛ መፍራት ያለብን ከሥሩ ያለውን ብረት ነው» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ትክክል ሆነው ዋሉ።

የመጀመሪያው ቀጠሯችን ከአውራ ጎዳና ቁጥር 20 ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበር። ሻጩ በፎቶግራፍ ያሳየን ካርት ሃርሊ ሳይሆን የ1970ዎቹ የኤሌክትሪክ ካርት ነው፤ መንገዳችን ላይ ስለሆነና ዋጋውም ዝቅ ያለ ስለነበር ማየቱን አልጠላንም። ስንደርስ ካርቷ አዲስ ቀይ ቀለም ተቀብታ፣ መቀመጫዋ በነጭ ፕላስቲክ ቆዳ ተለብጦ በሣሩ ላይ ቆማለች። ሻጩ ሻንሲው (አካሉን ከሥር የሚሸከመው ብረት) እንደ አዲስ መሆኑን ደጋግሞ ነገረን። ጋሼ ግን መቀመጫውን አንስተው ስድስቱ ባለ6 ቮልት ባትሪዎች የተደረደሩበትን ሣጥን በእጅ ባትሪ አበሩበት፤ ከዚያም ካቻቪቴ ተቀብለው ባትሪዎቹን የሚሸከመውን ብረት ከሥር በቀስታ ወጋ ሲያደርጉት የካቻቪቴው ጫፍ ቀለሙን ቀዶ ገባ። ስናወጣው የዝገቱ ዱቄት እንደ በርበሬ ረገፈ።

የኤሌክትሪክ ካርት ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሁሉ ከዚህች ቦታ ቢጀምር እመክረዋለሁ። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ይተነፍሳል፤ በትነቱም ውስጥ የአሲድ ጠብታ አለ፤ ውኃው ከመጠን በላይ ከተጨመረ ደግሞ ገንፍሎ ይፈስሳል። ያ አሲድ በየዓመቱ በባትሪው ማስቀመጫና በሻንሲው ላይ እየተንጠባጠበ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። አንዱ ባትሪ ብቻ ወደ 28 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ስድስቱን የሚሸከም ብረት ከሳሳ የቀረው ውበት ምንም አይጠቅምም። ሊቆረጥና እንደገና ሊበየድ አይችልም ማለቴ አይደለም፤ ይቻላል። ነገር ግን ቀለም ተቀብቶ የተሸፈነ ዝገት ሲያጋጥመኝ ሌላ ምን እንደተሸፈነ ስለማላውቅ ትቼ መሄዱን እመርጣለሁ። ሻጩን አመስግነን ወጣን። ጋሼ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም፤ የተናደዱት በዋጋው ሳይሆን በቀለሙ እንደነበር አውቃለሁ።

ሁለተኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን ኦገስታ አደርን። የጎልፍ ወዳጆች ይህችን ከተማ የሚያውቋት በየሚያዝያው በሚካሄደው ትልቅ ውድድር ነው፤ ለእኔ ግን ኦገስታ የካርት ከተማ ናት። ቤቨርሊ ዶላንና ወንድሙ ቢል ዶላን ኢ-ዚ-ጎ የተባለውን ኩባንያ በ1954 የጀመሩት እዚሁ አካባቢ በአንዲት ባለአንድ ክፍል የማሽን ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ክለብ ካር የተባለው ደግሞ በቴክሳስ ሂዩስተን ተወልዶ፣ በ1962 ቢል ስቲቨንስ ገዝቶ ወደ ኦገስታ አመጣው። ሁለቱ የዘርፉ ታላላቅ ተፎካካሪዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ስላሉ፣ በአካባቢው በሚገኙ የእርሻ ቤቶች፣ መጋዘኖችና የቁርጥራጭ ብረት ግቢዎች ውስጥ የካርት አጽም ማግኘት ከሌላ ቦታ ይልቅ ቀላል ነው።

ጠዋቱን በሁለት የቁርጥራጭ ብረት ግቢዎች ውስጥ አሳለፍን። በአንደኛው አምስት ስድስት ካርቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው አረም ወርሷቸዋል፤ ሁሉም የኤሌክትሪክ ናቸው። ከመካከላቸው ከአንዱ የድሮ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነቅዬ ለጋሼ አሳየኋቸው። በዛሬው ካርት የሞተሩን ኃይል የሚመጥነው የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ነው፤ በድሮው ግን ፔዳሉን ስትረግጠው አንድ የመዳብ ክንድ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተሻገረ፣ ጅረቱ እንደ ምጣድ ሽቦ በተጠቀለሉ ወፍራም መጋጃዎች (ጅረቱን በሚቀንሱ ሽቦዎች) ውስጥ እንዲያልፍ ወይም እንዲዘልል ያደርጋል። በዝግታ ስትነዳ ከባትሪው የወጣው ኃይል ከፊሉ በመጋጃዎቹ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ብክነት ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሥራ በዓይን ይታያል፤ የተቃጠለውን ነጥብ በጣትህ ዳሰህ ታገኘዋለህ። የድሮ ካርት የምወድበት ምክንያት ይኸው ነው። በጋራዡ ውስጥ ለሚማሩ ልጆች ኤሌክትሪክ ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ ለብዙ ዓመታት በካርት ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ከወጡ አንድ ሰው ጋር ተገናኘን። ቤታቸው ጓሮ ውስጥ ቁጭ ብለን ስለ አሮጌ ካርቶች ስናወራ ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ሄደ። የጎልፍ ካርት የተወለደው ለቅንጦት ሳይሆን መራመድ ለተሳናቸው ሰዎች መሆኑን ያስታወሱኝ እርሳቸው ናቸው። ጄ. ኬ. ዋድሊ የተባለ የቴክሳርካና ሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ አዛውንቶችን ወደ ግሮሰሪ የምታመላልስ ባለሦስት እግር የኤሌክትሪክ ጋሪ አይቶ አንዷን ለጎልፍ ሜዳ ገዛ ይባላል። እስከ 1950ዎቹም ድረስ ካርት ይዞ ሜዳ መግባት በአብዛኛው የእግር ሕመም ያለበት ሰው ነገር ነበር። የባለሦስት እግሯ ቅርጽ የመጣው ከዚያ መሆኑ ነው። ስንሰናበት ሽማግሌው፣ ወንዙን ተሻግሮ በኤይከን አቅጣጫ የፒካን ዛፍ እርሻ ያላቸው አንዲት ሴት ባለቤታቸው ትተውት የሄዱት አንድ ሃርሊ በጎተራ ውስጥ እንዳላቸው ነግረው አድራሻውን በወረቀት ጻፉልን።

ሦስተኛ ቀን፣ ረቡዕ

የሳቫና ወንዝን ስንሻገር ከጆርጂያ ወጥተን ሳውዝ ካሮላይና ገባን። የጥቅምት ጠዋት ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጥጥ ማሳ ነጭ ሆኖ ፈንድቷል። እርሻው ጋ ስንደርስ ሰማንያ ዓመት የሚጠጉ ሴት ወይዘሮ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ጎተራው ከቤቱ ጀርባ ነው። በሩን ስንከፍት በመጀመሪያ የታየኝ አንድ የፊት ጎማና ከበላዩ የተዘረጋ ረጅም ዘንግ ነበር።

እንደ ጀልባ መቅዘፊያ በእጅ የሚገፋና የሚሳብ መሪ ነው። የካርቷ አካል መልኩን የቀየረ ክሬም ቀለም ሲሆን፣ አይጥ የመቀመጫውን ጥጥ አውጥቶ ጎጆ ሠርቶበታል፤ የኋላ ጎማዎቹ ተንፍሰው ከመሬቱ ጋር ተጣብቀዋል። አፈሩን በጨርቅ ስጠርገው የሃርሊ ዴቪድሰን ጽሑፍ ብቻ ታየ፤ ኤ.ኤም.ኤፍ የሚሉት ፊደላት የሉም። ኤ.ኤም.ኤፍ የተባለው ሌላ ኩባንያ ሃርሊ ዴቪድሰንን የገዛው በ1969 ስለሆነና ከዚያ በኋላ የራሱን ስም በምርቶቹ ላይ ማድረግ ስለጀመረ፣ ይህች ካርት ከዚያ በፊት የተሠራች ለመሆኗ አንድ ምልክት ነው። ጋሼ ጽሑፉን ከማየት ይልቅ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሥሯን ይዳስሱ ነበር። «ሻንሲው ጤነኛ ነው» አሉ። «ካርቡሬተሩ አለ፤ ዲናሞው አለ፤ የሞተሩ ክዳን አልተከፈተም። ልጄ፣ ማንም አልነካካትም።»

ይህን ቃል ለመስማት ነበር ሦስት ቀን የነዳሁት። በእኔ ግምት ለእድሳት የምትገዛ ካርት ልትመዘን የሚገባት በውበቷ ሳይሆን በሙሉነቷ ነው። የተቀደደ መቀመጫ ይሰፋል፤ የተሰነጠቀ ፋይበርግላስ ይለጠፋል፤ ጎማም ይገዛል። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ የአየር ማጣሪያ ሳጥን፣ የመቆለፊያ ሞላ ወይም የማብሪያ ክዳን ግን ከጠፋ ለወራት ሲፈለግ ይኖራል።

የሞተሩ ነገር እንግዲህ ሌላ ነው፤ በእጅ ሲዞር እምቢ አለ። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ይህን ለወይዘሮዋ በግልጽ ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ማንም እንዳላስነሳት፣ ከዚያ በፊትም ቢሆን ወደ ኋላ መሄድ አቁማ እንደነበርና ባለቤታቸው በፒካን ዛፎቹ መካከል መዞሪያ ሲያጡ ወርደው በእጃቸው ይገፏት እንደነበር ነገሩን። «ሁልጊዜ ዕቃው መጥቷል፤ ቅዳሜ እገጥመዋለሁ ይል ነበር» አሉ። ከዚያም ወደ ጎተራው መደርደሪያ ሄደው አንድ የቡና ቆርቆሮ አወረዱ። በውስጡ ካንዴላ፣ ጥቂት ብሎንና ዳዶ፣ ከእነርሱም ጋር በቅባታም ወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ጥቅል ነበረች፤ በወረቀቱ ላይ በእርሳስ «ለኋላ» ተብሎ ተጽፏል። ጋሼ ከፍተው አይተው መልሰው ጠቀለሏት፤ ለወይዘሮዋም አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

ዋጋ አልተከራከርኩም። የጠየቁትን 400 ዶላር ከፍዬ የሽያጭ ወረቀት ተፈራረምን። ሴትየዋ የኮክ ኬክ አቀረቡልን፤ ቅቤ ያለበት በመሆኑና ቀኑም ረቡዕ ስለነበር ጋሼ በአክብሮት ይቅርታ ጠየቁ። ወይዘሮዋ ጾም መሆኑን ሲረዱ ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ድስት ሙሉ በጨው የተቀቀለ ለውዝ ይዘው ወጡ። የሳውዝ ካሮላይና ሰዎች ለውዝን ከነቅርፊቱ ቀቅለው ይበላሉ፤ የግዛቱ ይፋዊ መክሰስም እርሱ ነው። ጋሼ ከባቄላ ንፍሮ ለይተው አላዩትም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እስኪጠግቡ በሉ።

አራተኛ ቀን፣ ሐሙስ

ካርቷን በማለዳ ጫንናት። ጎማዎቿን ነፍተን፣ የእጅ ማንሻ ተጠቅመን በሁለት ጣውላ ላይ ስናንሸራትታት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ከኦገስታ ወደ ምዕራብ ጥቂት እንደነዳን የተጎታቹ የቀኝ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ ይዘን ነበር፤ ነገር ግን የቸርኬው ዳዶዎች ዝገው ስለነበር በመንገድ ዳር ቆመን ከአንድ ሰዓት በላይ ታገልን። ማታ ክላርክስተን ገባን።

አምስተኛ ቀን፣ ዓርብ

ጠዋት ካንዴላውን አውጥቼ በቀዳዳው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅዬ ጨመርኩ። ይህ ውሕድ በዝገቱ ውስጥ ሰርጎ ፒስቶኑንና ፋሻዎቹን (ፒስቶኑን የከበቡትን የብረት ቀለበቶች) እስኪለቅ ድረስ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ቀኑን በከንቱ ላለማሳለፍ ወደ ፒችትሪ ሲቲ ሄድን። ከአትላንታ በስተደቡብ የምትገኘው ይህች ከተማ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚደርስ የካርት መንገድ ያላት ሲሆን፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ካርቶች በነዋሪዎቿ ስም ተመዝግበዋል። ሰዎች ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት በካርት ይሄዳሉ፤ መንገዱ ከአውራ ጎዳናዎች ሥር በዋሻ ያልፋል። ካርት የዕለት ኑሮ በሆነበት ቦታ የካርት ባለሙያም አይጠፋም፤ ለካርታችን የሚሆን ቺንጋና የኋላ ፍሬን ሸራ ከአንድ ትንሽ ሱቅ አገኘን።

የሱቁ ባለሙያ ሞተሩን አውጥተን በሊቲየም ባትሪና በአዲስ የኤሌክትሪክ ሞተር እንድንተካው በቅንነት መከረን። ለዕለታዊ አገልግሎት ምክሩ ትክክል ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ቀላል ነው፤ ውኃም አይጨመርበትም። ይህች ካርት ግን ከአካሏ ይልቅ ሞተሯ ነው ታሪኳ። ያንን አውጥቼ ብጥል የቀረኝ የፋይበርግላስ ሳጥን ብቻ ነው።

ስድስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ከቀትር በኋላ ጋሼ የሞተሩን ዘንግ በረጅም መፍቻ ይዘው በጣም በቀስታ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ያወዛውዙት ጀመር። ለሃያ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ጠጠር ሲፈጭ የሚመስል ድምፅ ተሰማና ዘንጉ የጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰ። ጋሼ አልቸኮሉም፤ እንደገና ዘይት ጨምረው ጠበቁ። ምሽት ላይ ሙሉ ዙር ዞረ። ሲሊንደሩን ከፍተን ስናየው ግድግዳው ላይ ቀጭን የዝገት መስመር እንጂ ጥልቅ ጭረት የለበትም፤ ፋሻዎቹን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ነው የቡና ቆርቆሮውን የከፈትነው። ስለዚህ ሞተር የማደንቀውን ነገር እዚህ ላይ መግለጽ አለብኝ። ሞተሩ 245 ሲሲ፣ ባለአንድ ሲሊንደር፣ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚገባበት ባለሁለት ምት ነው። የኋላ ማርሽ የለውም። ፔዳሉን ስትረግጥ ሞተሪኖም (ማስነሻም) ዲናሞም ሆኖ የሚያገለግለው አንድ መሣሪያ ሞተሩን ያስነሳል፤ እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ይጠፋል። ወደ ኋላ መሄድ ስትፈልግ ማብሪያውን ትቀይርና ፔዳሉን ትረግጣለህ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ በተቃራኒው አቅጣጫ ዞሮ ይነሳል። ባለሁለት ምት ሞተር በካም የሚታዘዙ ቫልቮች ስለሌሉት በሁለቱም አቅጣጫ መዞር ይችላል፤ ችግሩ እሳቱ ላይ ብቻ ነው። ካንዴላው እሳት መስጠት ያለበት ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ አዙሪቱ ሲገለበጥ ያ ጊዜም ይለወጣል። በመሆኑም ጋሼ ፑንቲና የሚሏት የእሳት መቆራረጫ ሁለት ሆና ተሠርታለች፤ አንዷ ለፊት፣ ሁለተኛዋ ለኋላ።

የኋላዋ በዝገት አረንጓዴ ሆና ነጥቧ ተበልቷል። በቅባታሙ ወረቀት ውስጥ የነበረችው አዲሷ ነበረች። ጋሼ መነጽራቸውን ቀይረው፣ በቀጭን የብረት ልኬት ምላስ ክፍተቷን ሦስት ጊዜ ለክተው፣ ብሎኗን ሲያጠብቁ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ወረቀቷን አልጣልናትም፤ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ሰካናት።

ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት

ክረምቱን ሙሉ በትርፍ ሰዓታችን ሠራን። ፋይበርግላሱን ለጥፈን በውኃ የብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስን በኋላ፣ ከመቀመጫው ሥር ፀሐይ ያልነካውን ቀለም ናሙና ወስደን ያንኑ ክሬም ቀባነው። የፊት ጎማውን ኩሽኔታ ቀየርን፤ ማርሚታውን በየድን፤ መቀመጫውን አንዲት የሰፈራችን ልጅ ሰፋችው። የመሪውን ዘንግ የእጅ መያዣ ግን አልቀየርኩትም፤ ጎማው በአንድ ሰው መዳፍ ልክ ተበልቷልና።

ዛሬ እንደገና ጭነናት ኤይከን ሄድን። የፒካኑ ዛፎች ገና ቅጠል አላወጡም። ወይዘሮዋ ከዘራቸውን ይዘው ከበረንዳው ወረዱ፤ ጋሼም ደግፈው ከጎኔ አስቀመጧቸው። ፔዳሉን ስረግጥ ሞተሩ በሁለተኛው ዙር ተነሳ፤ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ከኋላችን ቀረ። በዛፎቹ መካከል እስከ አጥሩ ሄድን። አጥሩ ጋ መዞሪያ አልነበረም፤ ወይዘሮዋ እንደ ልማዳቸው ለመውረድ እግራቸውን አነሱ።

«ይቀመጡ» አልኳቸው። እግሬን አነሳሁ፤ ሞተሩ ጠፋ። ማብሪያውን ቀየርኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ ካርቷም በቀስታ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ሴትየዋ እጃቸውን በመሪው ዘንግ መያዣ ላይ፣ በተበላው ቦታ አሳርፈው እስከ በረንዳው ድረስ አልለቀቁትም።